እግር መንቀል

ሶቬራል መንደራችን ከድንጋይ ላይ የበቀለች፣
ከሊዝበን ሦስት ቀን፣ ከእግዜር ግማሽ ቀን የራቀች።
እኔ ጉዋልዲኖ፣ ደብዳቤ አመላላሿ፤
በዚህች ቦርሳ ገባ የስንቱ መጨረሻ።

ቢጫ ወረቀት ነው ከጊኒ የሚመጣው፣
ቴምብር የማይጠይቅ፣ ወታደር የሚያጥፈው።
እናቶች አያነቡም። ደጃፋቸው ቆሜ
እኔ አነብላቸዋለሁ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ አንዳንዴም አርሜ።

የምዘለው መስመር አለ። ለምሳሌ የአቢሊዮ፦
«እማዬ፣ አንድ ሽማግሌ እዚህ ጠየቀኝ፣
የማን ነው የወይራው ዛፍ በመንደርህ ያለ?
የአባቴ ነው ብለው፣ ሳቀና ዝም አለ።»
ያቺን ዘለልኳት።

በሰኔ ቴሌግራም መጣች። ስድስት ቃል ነበረች።
ስድስቱንም አነበብኩ።
ፌሊዝሚና ባልዲዋን ሳታስቀምጥ ላሟን አልባ ጨረሰች።

ጦርነቱ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው፤
ልጅ ቢሆን ጢም ሊያወጣ ጥቂት ነው የቀረው።
ወይራው ሳይለቀም መሬት ላይ ይበሰብሳል፤
ለቃሚው ጎልማሳ ረግረግ ውስጥ ተኝቷል።

ቅዳሜ ማታ፣ መሸታ ቤት፣ በሩ ከተቀረቀረ፣
ራዲዮው ጮክ ካለ፣ ጆሮ ጠቢው ከሰከረ፣
መምህር ሌአንድሮ ብርጭቆውን ገፋ፦
«ያልተጠራንበት ቤት አመሸን፣ ዓመት ቆጠርን፤
እግራችንን እንንቀል፣ እግር ሳይጠፋብን።»

ሃምሳ አለቃ ቪሪያቶ ነው የሳቀ።
ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠብመንጃ አጋደመ፦
«የኔንስ ማን ይንቀላት፣ መምህር?
ካሼው ወንዝ ማዶ፣ ማንጎው ሥር ቀርታለች፣
ከነቡትስ ጫማዋ፣ ከነክሯ እንደታሰረች።
እናንተ ስትወጡ እሷ ለማን ትቅር?
ሀገር አጠገቧ ትቆይ እንጂ፣ ብቻዋን አትደር።
ከወጣን በከንቱ ነው። በከንቱ ነው ያነከስኩት።
በከንቱ ነው አቢሊዮን በዚህ እጄ የቀበርኩት።»

ማንም መልስ አልነበረው። እኔም አልነበረኝ።
ደግሞ እውነቱን ለመናገር
ባዶውን ሱሪ ሳይ ቃሉ ትክክል መሰለኝ።

ፌሊዝሚና ለካ በጓሮ በር ገብታ ቆማለች።
አይቧን ባንኮኒው ላይ አኖረች፣ ሚዛኑን ጠበቀች፣
ሒሳቧን ቆጥራ ተቀበለች፣ ከዚያ ነው የተናገረች፦

«ቪሪያቶ፣ ስለቀበርክልኝ እግዜር ይክፈልህ።
እግርህ ግን እግር ናት፤ ኢዚድሮን ብልክላት
ሌላ አትበቅልልህ።
ትናንት የእሱም ወረቀት መጣ፣ ጉዋልዲኖ አነበበልኝ፤
መስመር ይዘላል፣ አውቃለሁ፤ ያቺን ግን አልዘለለልኝ።
ትልቁ በከንቱ ሞተ በሉኝ፣ እችላለሁ።
በከንቱ አይደለም እንድትሉኝ ትንሹን ከምከፍል
ከንቱውን እመርጣለሁ።»

ወጣች። ብርዱ ገባ።
ቪሪያቶ ጎንበስ ብሎ፣ የሌለ ተረከዙን
ከሱሪው እጥፋት በታች፣ አየሩን አከከ።

ሰኞ ያለ ደብዳቤ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።
ያቺን የወይራዋን መስመር በቃሌ አልኩላት።
ሰማችኝ፣ አይቡን በጨው እያሸች፣
«ታዲያ ገብቶት ነበራ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ቦርሳዬን ይዤ ስመጣ
ከፌሊዝሚና ጓሮ አንድ የእግር ዱካ ወጣ፤
በረዶው ላይ ጥልቅ፣ ሰፊ፣ የጎረምሳ፣
ወደ ስፔን ድንበር ያቀና፣ አንዴም ዞር ሳይል፣ ሳይሳሳ።

ሊዝበን ገና አልወሰነችም። ራዲዮው ማርሽ ያሰማል።
እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታዬ ቀርቧል።
ቆምኩ።
ከዚያ ዱካውን ተከትዬ፣ በከባድ ጫማዬ
እየረገጥኩት ሄድኩ፣ ቦርሳዬን ከኋላዬ
እንደ መጥረጊያ እየጎተትኩ፣ እስከ ጫካው አፍ።

ደብዳቤዎቹ ረጠቡ።