ግራ የገባሁ ዕለት

ጠዋት ደጃፍ ቆማ «ቀኝ ያውልህ» ብትለኝ፣
አሚን ብዬ ወጣሁ፤ አዌቱ በግራ ወሰደኝ።

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል፣
ወንዙ የሙዝ ግንድ፣ የቡና ገለባ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ እግር ጫማ ይዟል።
ብብቴ ሥር የዋንዛ ሳንቃ፣
የጋሽ ተማም ነው፤ በርጩማ ሊያወጣበት ያሰበው፣
ሰው ሊቀመጥበት።
እኔ ልቆምበት ሰረቅሁት።

ከድልድዩ በታች፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣
የጥቁር ድንጋይ አፍንጫ ውሃው ውስጥ ገብቷል።
ጎርፉ እዚያ ይጋጫል፣ ይቆጣል፣ ይታጠፋል፣
ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አሁንም ወደ ግራ፣
ከመላጊያ አፍ እንደሚወጣ ፍቅፋቂ
እየተጠቀለለ
እስከ ጡብ ማምረቻው ይዘልቃል።
ዘምዘም ዳር ቆማ ትቆጥራለች፤
ከሃያ በላይ የቆመ አላየሁም ትላለች።

ትምህርት ቤት «ግራኝ» ነው ስሜ።
መምህር ካሡ ጣቴን በማስመሪያ እየገረፈ
እርሳሱን ወደ ቀኝ አሻገረው፤
እጄ ታዘዘ።
እግሬን ግን ማንም አላሰበው።

በሆዴ ተኛሁበት። ቀዘፍኩ። አፌ ጭቃ ጭቃ አለኝ።
የባጃጁ ጥሩምባ፣ የገበያው ጫጫታ ከጆሮዬ ወጣ፤
ሳንቃው ከኋላው ተነሣ
ልትራገጥ እንዳሰበች በቅሎ።
ተነሣሁ።
ቀኙ ከፊት፣ ግራው ከኋላ፤
የሚነዳው የኋላው ነው።

ሰባት። ስምንት።
ውሃው ፊቴ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል፣
ቀይ ነው፣ እጄን ብዘረጋ ይነካል፣
ዘረጋሁ፣ ነካሁት፣ የትኛው እጄ እንደሆነ አትጠይቁኝ።
አሥራ አራት። አሥራ አምስት።
ሰው ሲቸግረው «ግራ ገባኝ» ይላል፤
እኔ ነኝ ግራ የገባሁት።
ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ሰፊ ነው። ጠባቂ የለውም።
ሃያ ሦስት ስትል ሰማኋት፣
ከዚያ በኋላ ድምፅዋም ቀረ፣
መታጠፊያው ብቻ ይታጠፋል፣ አያልቅም።

አለቀ እንጂ።
ጡብ ማምረቻው ጋ ረግረጉ ላይ ተፋኝ፤
ሳንቃው ሳይሰናበተኝ ወደ ግቤ መንገዱን ቀጠለ።

ማታ ጋሽ ተማም በራችን ላይ፦
«ሳንቃዬስ?»
«ሄደ።»
ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ። «ስንት ቆጠረች?»
«ጠፋባት።»
ሌላ አልጠየቀኝም። በነጋታው ሱቁ ውስጥ
ዕዳዬን እንድሠራ መላጊያውን ሰጠኝ፤
በየትኛው እጅ እንደምይዝ
አልነገረኝም።