ሰሌዳው ሳይጠፋ

ሻርጃ፥ የምሽት ክፍል፥ ሦስት ሰዓት ሊሞላ፣
ሁሉም ወጥቶ ሄዷል፤ እኔ ቀረሁ ኋላ።
ያልገባኝን ቀመር በጥድፊያ ስቀዳ፣
የጽዳቷ ከድጃ፥ እንደ ቤት እንግዳ፣
በር ላይ ጨርቋን ይዛ፥ ሰሌዳ ሳትነካ፣
ስትጠብቀኝ ኖሯል፥ እኔ ሳላይ፥ ለካ።

ስንወጣ የካምፑ አውቶቡስ ሄዷል፤
ወበቁ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል።
«ምነው ዝም አልሽኝ?»
«ባጠፋው ይጠፋብህ የለ፥ ወንድምዓለም?»

ቀጣዩ እስኪመጣ የድንጋይ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤
ውሃዬን ተካፈልን።
ዳዊቴ ቦርሳዬ ውስጥ ሳይገለጥ ከርሟል፤
ያን ማታ አንዱ መዝሙር
በወሎ አነጋገር ተነበበልኝ መሰለኝ።

ያ ቀመር ለፈተና አልመጣም።
እኔ ግን ዛሬም ከክፍል ስወጣ
ሰሌዳውን አጥፍቼ ነው።