ውሃ ላይ ያለች ነጥብ

ጉዋሃቲ ላይ ነው ታብሌት የሰጡኝ፣
"ሐኪም ቤቱን ሁሉ ቆጥረህ ና" ያሉኝ፤
አልጋውን፣ በሩን፣ የመርፌውን ብዛት፣
የጣራውን ዓይነት፣ የቧንቧውን ጥራት፣
ጄኔሬተር ካለ የሚጠጣውን ናፍጣ፣
ሐኪም የሚባለው ስንቴ እንደሚመጣ።
ይህ ሁሉ ተለቅሞ፣ ዴልሂ ላይ ተሰፍሮ፣
ከአንድ ቋት ይገባል፣ አገር ተደምሮ።

ቋት ሲሉኝ ትዝ ያለኝ የአባቴ ወፍጮ ነው፤
የተፈተገ ሩዝ የሚንዠቀዠቅበት፣
ጠዋት ሞልቶ ታይቶ ማታ አይጥ ያለበት።

ሰላሳ ሰባት ቀን በሞተር፣ በእግሬ፣
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነጥብ አስሬ፤
ሃያ አልጋ ቆጠርኩ አንድ ሰው ያልተኛበት፣
ራጅ ማሽን ከነካርቶኑ፣ ሸረሪት ያደራበት፤
አንዱ ጋ የጥርስ ሐኪሙን ወንበር አየሁት፣
ዘበኛው ተንጋሎ ጋዜጣ ሲያነብበት።
ያም ተመዘገበ። ቅጹ አረንጓዴ በራ፤
በር አለው፣ ጣራ አለው፤ ማን ይጠይቃል ስለ ሥራ?

ከዚያ ብራህማፑትራ። እዚያ ሰው "ቻር" ይላል፣
ወንዝ ያበጀውን ደሴት፤ ወንዝ መልሶ ይበላል።
ቆርቆሮ ቤታቸው በብሎን የታሰረ፣
ስንት ጊዜ ተፈትቶ በጀልባ የዞረ።
ዝርዝሬ እንዲህ ይላል፦ "ኮዶምቶላ ጤና ኬላ፤
አራት አልጋ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ጣራው ሸክላ።"

ባለ ጀልባው ሞይኑል ሞተሩን አጠፋ፤
"ደርሰናል" አለና ያኘከውን ተፋ።
የት? ዙሪያዬን አየሁ። ቡናማ ውሃ ነው።
"ከሥራችን" አለኝ። "አምና ነው የሄደው።"

የውሃ ሽታ ሆነ ሲባል እሰማለሁ፤
ያን ቀን ግን ከሽታው መሐል ቆሜያለሁ።

ታብሌቱን ጠየቅሁት፤ አሰበ፣ አሰበ፣
ቀይ መስመር አወጣ፣ እንዲህም አስነበበ፦
"ነጥቡ ውሃ ላይ ነው። አይመዘገብም።"
ወንዙን ፎቶ አነሳሁ። "በሩ አይታይም።"

አለቃዬ ጋ ደወልኩ፣ ሃዛሪካ ጋ፤
ግማሹን ንፋስ ወስዶ ግማሹን አቀበለኝ፦
"'አይሠራም' በልና... ዝጋው... ቀን መሸብኝ።"

አንዲት ቃል ናት። ልዘጋው ጣቴን አነሳሁ፤
ከኋላዬ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ።

ሌላ ጀልባ ነው፤ ድሮ ጁት የተጫነበት፣
ጣራው ቀርከሃ፣ ሸራ የለበሰበት።
ማገሩ ላይ የሕፃን ሚዛን ታስሮ፣
ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተቀብሮ።

ራሄላ ኻቱን። ነርስ። እጅጌዋን ሰብስባ፣
መዝገቧን አወጣች ከጉያዋ ስባ።
አምና ሌሊት ወንዙ ግድግዳውን ሲገምስ
መጀመሪያ ያዳነችው ይህን ነው፤ ቀጥሎ ሚዛኑን፤
የራሷን ፍየል ትታ።

"በሩስ ሄደ፣ ይሂድ" አለች። "ሰው መቼ በበር ይድናል?
ዝጋው ካልክ ግን ወንድሜ፣ ነገ መድኃኒቱ ይቀራል።
ከቋታችሁ ያልገባ ሰው፣ ጉዋሃቲ ላይ ሞቷል።"

ቅጹን እንደገና ከፈትሁት።
በር፦ የለም። አልጋ፦ አንድ፣ የጀልባ ሳንቃ።
መብራት፦ የእጅ ባትሪ፣ ሌሊት ስትነቃ።
የውሃ አቅርቦት? ሳቀች። ሞይኑልም ሳቀ።
እኔም። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤
ያን ውሃ የጠጡ ሦስት ልጆች መዝገቡ ላይ አሉ።

"አድራሻ" ላይ ስደርስ ጀልባው ተንሳፈፈ፤
ነጥቡም አብሮን ሄዶ ከቁጥሩ አለፈ።
ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም ሌላ ቦታ ሆንን።
ሦስተኛውን ላክሁ።

እንግዲህ አንተ ዴልሂ ያለኸው፣ ከወንበርህ ሆነህ
ካርታውን ስታስስ፣
ከሰማያዊው መሐል አንዲት ነጥብ ብታይ፣
ከየብስ የራቀች፣ ወንዙ ጀርባ ላይ፣
የቆጣሪው ድካም ነው፣ የጣቱ ስህተት
ብለህ፣ ጎትተህ ከዳር እንዳታወጣት።
ወንዝ የማያሻግር ነጥብ መች አጣ ቋትህ፤
ይህቺ ግን ታሻግራለች። ተዋት።