ድጋፍ የሌለው

«ይህ መሣሪያ ድጋፍ የለውም» ይላል ጽሑፉ፤
ኢርመሊ ሳቀች፤ እዚያው ከጀርባው ቆሟል ድጋፉ፦
ከፈረሰው የስኳር መጋዘን ያመጣችው ቀይ ጡብ፣
ማጠፊያው ለላላ ስክሪን ሌት ተቀን የቆመ ዘብ።

ኮትካ ላይ የካቲት ነው፤ ወደቡ በበረዶ ታስሯል፤
በረዶ ሰባሪው መርከብ ከሩቅ ያጓራል።
እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሱፍ ካልሲ፣ በመነጽር፣
የመብራት ሂሳብ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፈችውን ዝርዝር
በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፦
«አንድ፦ ፍላሹን ሰኪ። ሁለት፦ ቁልፉን ይዘሽ አስነሺ።
ሦስት፦ ብርቱካናማውን ምረጪ። አራት፦ ታገሺ።»
አራተኛውን ሁለቴ አስምራበታለች።

ባንኩ ነው ነገሩን ያመጣው። አንድ ማክሰኞ ማለዳ
ገጹ አልከፈት አላት፤ «ያረጀ ነው» ብሎ፣ እንደ ባዳ።
ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ፤
ሁሉም በሩን ጠረቀመ፣ እሷን እንደሌለች ቆጥሮ።
የሱቁ ልጅ ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት አየና አላት፦
«አሥራ አራት ዓመቷ? ሞታለች በቃ፤ ይቅበሯት።»

እሷስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ላይ ተቀምጣ ኖራለች፤
አርባ ሜትር ከባሕር በላይ ወረቀትና ግንድ ጭናለች፤
ሞተ የተባለ ሞተር፣ ስንቱን ሲነሣ አይታለች።

እኩለ ሌሊት አለፈ።
መስመሩ መሙላት ጀመረ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር።
«አንድ ደቂቃ ቀረው» አለ። አለና ቆመ። ግትር።
አንዷ ደቂቃ አርባ ሆነች፤ አርባዋ ሃምሳን ተሻገረች፤
ማራገቢያው እንደ ቀፎ ጮኸ፤ ጠረጴዛዋ ጋለች።
ሌላ ሰው ቢሆን ጨክኖ ያጠፋው ነበር።
ጉም በወረደ ቀን ግን፣ ጭነት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣
ማንሻውን የሚነካ ሰው በወደቡ ሁሉ አልነበረም።
ታያለህ፣ ትሰማለህ፣ ትንፋሽህን ትውጣለህ፤ በቃ።

በመጨረሻ ጠቆረ። ነጣ። እንደገና ጠቆረ። ነቃ።

አዲስ መልክ፣ አዲስ ሰማይ፣ አዲስ ተራራ ስክሪኑ ላይ፤
ግን አየሩን አያውቀውም፤ አንድም ዋይፋይ አያይ።
መድኃኒቱ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚያስገባው መድኃኒቱ፤
ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ቢዘጋ፣ ደጅ አስቀረው የገዛ ቤቱ።

የእሷ ኢንተርኔት በአየር ነው፤ ባለ ገመዱ ታውኖ ነው፣
አንድ ፎቅ ከሥር፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ እንቅልፍ የጠላው።
ደወለች። «ራውተርህ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ?» «ምኑ ላይ?» «መስኮትህን ክፈት።»
«ውጭ ከዜሮ በታች ዐሥራ ዘጠኝ ነው።» «አውቃለሁ። ክፈት።»

ኬብሉ ጫፍ ላይ የሾርባ ማንኪያ አሰረች፣ ነፋስ እንዳይወስደው፤
በመስኮቷ አሳለፈችና ቀስ እያለች ለቀቀችው።
ታውኖ አንገቱን አወጣ፤ በፒጃማ፣ በሱፍ ቆብ።
በዚያ ዘመን፣ ክሬኗ ሥር፣ ምልክት ሰጪዋ እሱ ነበር፤
አሁንም ቃል አላወጣም። ክንዱን ዘረጋ በአየር፦
መዳፉ ወደ ታች፦ ውረጂ። ጣቶቹ ተወዛወዙ፦ በቀስታ።
ትንሽ ወደ ግራ። ትንሽ። ከዚያ ጡጫ፦ ቁሚ። ዝምታ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ጡረታ፣ አንድም ጭነት ሳታወርድ፣
ይኸው ማንኪያ አወረደች፤ እጇ በብርድ ሳይርድ።

መድኃኒቱ ገባ። ዋይፋዩ ነቃ። ድምጹ ግን አልመጣም፤
ካሜራው ሰውን አረንጓዴ ያደርጋል። ይሁን፤ ፎቶ አትነሣም።
ባንኩ ተከፈተ፤ በስሟ ሰላም አላት፣ ምንም እንዳልሆነ።
ወረቀቱን ገልብጣ የመብራቱን ከፈለች፤ ሰባ አራት ዩሮ ሆነ።

ስትጨርስ፣ ከጥግ አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ አለ፦
«አዲስ እትም ተዘጋጅቷል። ዛሬ ሌሊት ይጫን?» አለ።
«በኋላ» የሚለውን ነካች። መብራት አጠፋች። ጡቡን
ትንሽ ወደ ፊት ገፋችው፤ አስተካከለች ወገቡን።

ታውኖ ጫፉን ነቅሎ ወደ ውጭ ለቀቀው፤ እሷ ሳትጎትተው ተኛች።
ጠዋት ነፋስ ተነሣ። ማንኪያዋ መስኮቱን ታንኳኳለች።
«መጣሁ!» አለ ታውኖ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ገጠመ፤
ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ በሩ አዘገመ።