ሮብሌ ሲያዳምጥ

ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ፣
በቆጣሪው መስታወት አንድ ነገር ነቅቶ፤
ባለ ጥርስ ቀይ ኮከብ፣ ከምስር የማትበልጥ፣
ትዞራለች ቀስ ብላ፣ ውሃ ስታላምጥ።

ሂሳቡ ጥቂት በጥቂት ወር በወር ሲቆለል፣
«የግንቦት ሙቀት ነው» እያልን ስንታለል፣
ልጆቼን በሳሙና፣ በባልዲ ስወነጅል፣
ባሌን «ጺምህን ለመላጨት ወንዝ ትፈጃለህ» ስል፣
በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣው ውሃ
ሌሊት ሮቶ ሞልቶ፣ ረፋድ ላይ በረሃ።

ሮብሌን አስጠራሁ።
ባቡር ጣቢያ ወርክሾፕ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣
የሎኮሞቲቭ ሳንባ ሲያክም የነበረ።
ስሙ በእናቱ ቋንቋ «ዝናብ ይዞ የመጣ»፤
ዛሬም ከዚራ ላይ ይጠይቁታል፦ «የታለ? አምጣ!»
ከላስቲክ ከረጢት ማኖሜትር አወጣ፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት፤
ከቧንቧው ጫፍ አሰረና በእጅ ፓምፕ ገፋበት።
ሦስት ላይ ቆመ መርፌው። «ይደር» ብሎኝ ሄደ።
ጠዋት ሁለት ተኩል። ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

ኩሽናውን ነጥሎ አየ፤ ኩሽናው ንጹሕ ነው።
መታጠቢያውን ነጥሎ አየ፤ እሱም ነጻ። ታዲያ ማነው?
ግድግዳው ደረቅ። ወለሉ ደረቅ።
የድሬ ውሃ ኖራ አለው፣ የሄደበትን ይጽፋል፤
ነጭ ዱካ ፈለገ። «ይሄኛው» አለ፣ «ሳይጽፍ ያልፋል።»

«ቬንቲሌተሩን አጥፉ። ፍሪጁንም። ዝም በሉ።»
የብረት ዘንግ ወለሉ ላይ ተከለ፣
ጫፉን ከጆሮው አጥንት አስጠግቶ ዓይኑን ከደነ።
ዝም አልን።
ይህ ቤት ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም።
ባሌ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ።
ከመቼ ጀምሮ?

ሮብሌ በጉልበቱ፣
ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ደጅ፣ እስከ አጥሩ ግንብ፤
እዚያ ቆመ፣ ወደ ላይ አየ፣ ሳቀ።
ከአጥሩ ማዶ፣ ከቀመሪያ ግቢ፣
ድርቁን ያልሰማ ፓፓያ፣
ግንዱ እንደ ወፍራም ሴት ጭን፣ ፍሬው በፍሬ ላይ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አርብ አርብ፣
በሳህን የሚላክልን፣ ልጆቼ የሚሻሙበት።
«ምን ብታጠጪው ነው?» ስላት
«ኧረ እኔ አላጠጣውም፣ አላህ ነው» ትል ነበር።

ሲቆፍር ጎሚቶው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፤
ዙሪያዋን የፓፓያ ሥር፣ እንደ ሻሽ ተጠምጥሞ፣
ጠብታ እንኳ ለመሬት ሳያስተርፍ።
ሮብሌ ሥሩን በቢላ ከመቁረጡ በፊት
አንዴ አየኝ። እኔ ቆጣሪውን አየሁ።

ሦስት ላይ አደረ መርፌው፣ ሦስት ላይ ዋለ፤
ኮከቧ ቆመች፣ ሂሳቡም ቀለለ።

በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ።
ለቀመሪያ ምንም አልነገርኳትም።
ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጎማውን
በግንቡ ቀዳዳ አሾልካለሁ፣ በጣም ጥቂት እከፍታለሁ።
ባሌ ከአልጋው፣ በፉጨቱ መሃል፣
«አሁንም ያፈሳል እንዴ?» ይለኛል።
«ትንሽ» እለዋለሁ።