ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ

ከምሳ በኋላ ነው የእኔ ክፍለ ጊዜ፣
የሐዋሳ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣ ልጁን ሁሉ ሲይዘው የእንቅልፍ አባዜ።
ዘጠነኛ "ሐ"፣ ስልሳ አንድ ተማሪ፣
ለአራት አንድ ዴስክ፣ ግማሽ ጠመኔ፣ አንዲት አስተማሪ።
ትምህርቱ "ክወናና እይታ" ይባላል፤
ስብሰባ ከሌለ፣ ሒሳብ ካልነጠቀኝ፣ በሳምንት አንዴ ይውላል።
መጽሐፉ አልደረሰም። ሥዕል የለም። መብራቱ ጠፍቷል።
"ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይለኛል አንዱ፤ ደብተሩን አጥፏል።
እኔም ሥዕል የተማርኩት ከፎቶ ኮፒ ነው፣ ተደጋግሞ ከተባዛ፤
ቀዩ የት እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ፈዛዛ።

በመጀመሪያው ሳምንት መስኮቱን ከፈትኩት።
ማዶ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፤ "እዩት" አልኩ፤ ለሥዕል ቆጠርኩት።
"ይሄ? ዓሣ ገበያ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው?"
አዎ፣ እሱው።
"'ቆንጆ' አይባልም፤ 'ያስጠላል' አይባልም፤
ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዐይን አይነቀልም፤
ያያችሁትን ብቻ። ሌላ ሥራ የለም።"
ሳቁ። አዛጉ። በሰባተኛው ደቂቃ
ብዙአየሁ እጇን አወጣች፣ ያቺ አሽሟጣጭ፣ የክፍሉ ጠበቃ፦
"ቲቸር፣ አንገቱን ሲቀብር፣ ያበደረው ሰው መንገድ ላይ ሲመጣበት
አይቶ እንዳላየ የሚሆን ሰውዬ ነው፤ ካፖርቱ የሰፋበት።"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጻፍኩት፣ ከነዕለቱ፤
ከመቶ ሃያ ሁለት ዐይን፣ ተገለጡ ሁለቱ።

በሁለተኛው ስለ ዝምታ ነበር። "ያለ አንድ ቃል
አንድ ነገር የሚያሳየን ማነው?" አልኩ። ዴስክ ብቻ ይንቋቋል።
ያኔ ከኋላ፣ ከተሰበረው መስኮት ሥር፣ ዱካሞ ተነሣ፣
ሌሊቱን ከአባቱ ጋር ሐይቅ ላይ የሚያድረው፣ እጁ የሚሸት ዓሣ ዓሣ፣
ስም ሲጠራ ከ"አቤት" በቀር ቃል የማያነሣ።

ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ጠቀለለ።
ከመሬት ምንም አነሣ፤ ያ ምንም ግን ከበደው፣ ትከሻው አዘነበለ።
ጣቱ በአየር ላይ፣ ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ ሲሄድ፣
የተበጠሰው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ በጥርሱ ክር ሲጎትት፣ ሲገምድ፣
ከፊት ሳቁ፤ ከኋላ አፏጩ።
እሱ እዚህ የለም። ጀልባው ይወዛወዛል፤ ጉልበቱ ያውቀዋል።
ወረወረ።
ከፊተኛው ረድፍ አንዱ ልጅ፣ እምላለሁ፣ ፊቱን ጠረገ፤ ውሃው ረጭቶት ነበረ።
ከዚያ መጠበቅ መጣ። እሱ ጠበቀ፤ እኛም ጠበቅን፤
ቆርቆሮው እንኳ መንጣጣቱን መቼ እንዳቆመ አላወቅን።
ሳበ። ቀስ አለ። ገመዱ ከመውጣቱ በፊት
ባዶነቱ ወጣ፤ የማላውቀውን አባቱን አየሁት፣ በልጁ ፊት።
አንዲት ብቻ ነበረች፣ እፍኝ የማትሞላ፤
በመዳፉ መዘናት፤ መለሳት ለሐይቁ፣ ለሌላ ቀን፣ ለሌላ።
መረቡን ወለሉ ላይ ዘረጋ፣ እንዲደርቅ፣
ከሰሌዳው ሥር እስከ ሁለተኛው ዴስክ፤ ሄደ፣ ተኛ፣ ሳይስቅ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሽብሩ፣ ርዕሰ መምህሩ፤
"መምህር የሌለ መስሎኝ! ምነው ጭጭ አሉ?" እያሉ ገሰገሱ፣ በመሐል ሊሻገሩ።
"ጌታዬ፣ መረቡን!" ጮኸች ብዙአየሁ።
አንድ እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ወለሉን አዩ፤ ሲሚንቶ ነው። እኔን አዩኝ፤ እኔም ወለሉን አየሁ።
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፣
ያነሡትን እግር መለሱት፤ ግድግዳ ታክከው ዞሩ፤ ወጡ፤ ምንም አላሉም።

የጎማ ቸርኬው ተመታ። ስልሳ አንድ ልጅ
በዳር በዳር ወጣ፤ ቦርሳውን ከፍ አድርጎ፣ ረግረግ እንደሚሻገር፣ እጅ ለእጅ።

የማርክ ቅጹ "ከመቶ" ይላል። ለዱካሞ ስንት ልሙላ?
ለዚያች ትንሽ ዓሣስ? ለተንጠለጠለው የአቶ ሽብሩ እግር? ዘጋሁት ቅጹን፣ ሳልሞላ።

በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ወሰደው ሰዓቴን፤
"ፈተና ደርሷል" ተባለ። አልተከራከርኩም፤ ዋጥኩት ንዴቴን።
ዳልኬ፣ የሒሳቡ መምህር፣ ማታ በር ላይ ጠበቀኝ፤
"አንቺ፣ እነዚህን ልጆች ምን አደረግሻቸው? ነገሩ እኮ ጨነቀኝ፤
ወደ ሰሌዳ ውጣ ስለው፣ ሁሉም ዞሮ ነው የሚመጣ።
መሐሉ ላይ ምን አለ?"

"ገና አልደረቀም" አልኩት።