ያነሳሁት

የበሩ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ኦቫድያ፣
ለገባ ለወጣው አለው ማስጠንቀቂያ፦
«ከባሕሩ ምንም እንዳታነሳ፣
ድንጋይም፣ ዛጎልም፣ የሞተም ዓሣ።»
«ምን በወጣኝ» ብዬ ቃል እገባለሁ፤
አንገቴ ላይ ካሜራ አንጠልጥያለሁ።

ሳምንቱን በሙሉ ነጭ ነው የማየው፣
አንሶላው፣ ፎጣው፣ እንፋሎቱም ነጭ ነው፤
የሆቴል ምድር ቤት፣ የማጠቢያ ጩኸት፣
ቀለም የሚባለው ታጥቦ የወጣበት።
ማክሰኞ አሥር ሰዓት ከዚያ ስወጣ
ኤላት ይጠብቀኛል የአስፋልቱ ቁጣ፤
የጎማ ልብስ ለብሼ፣ አየሬን አዝዬ፣
የኋሊት ተራምጄ በእግሬ እንደ ዳክዬ፣
ፀሐይ በተራራው፣ እኔ በባሕሩ፣
አንድ ላይ ጠለቅን፤ ጠፋ ዳር ድንበሩ።

ታች ቤት አይመታም።
ወናፉ ትንፋሼ ብቻ፣ ሲስብ፣ ሲለቅ።

ስሙ ቀይ ባሕር ነው፤ ሲገቡበት ግን
ከቀለም ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀዩ ነው።
ብርቱካኑ ይከተላል፣ ቆየት ብሎ ቢጫው።
አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ድንጋይ ጭሮኝ
ከጣቴ የወጣው ደም አረንጓዴ ነበር፤
የኔ መሆኑን ለማመን ሁለቴ አየሁት።

ዓሦቹ የአማርኛ ስም የላቸውም።
አባቴ የደንቢያ ሰው ነው፣
ያወረሰኝ አምባዛንና ቆሮሶን ብቻ ነው።
ስለዚህ ራሴ አወጣሁላቸው፦
ድንጋዩን ቆርጥማ፣ አሸዋ አድርጋ
ከኋላዋ የምታፈሰው፣ ወፍጮዋ።
ቢጫ በጥቁር ለብሰው ጥንድ ጥንድ የሚዞሩት ሚዜዎቹ፤
እነሱን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚቀርልኝ ጭራ ነው፣
ሙሽራው የት እንዳለ ሳላውቅ ድግሱ ያልፋል።
እሾሁን እንደ ጎፈር ነስንሶ
ማንም መንገድ የሚለቅለት፣ ፊታውራሪው።

ጥፍሬን የምታህል አንዲት ዓሣ ተከትዬ
ሌንሱን ወደ ስንጥቅ ባስጠጋ
ዓሣ ጎርጓሪ የተባለው ደረሰብኝ፤
ዘንዶው ራሱን አወጣ፣
አፉን ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት፣ ዘጋ፣
ዕዳ እንደሚቆጥር ሽማግሌ።
የአየሬ መለኪያ ከመቶ ሃያ ዘጠና ገባ።
ሊሮን ከጎኔ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገልኝ፦ ቀስ በል።

ቀስ አልኩ።
ከዘንዶው ጓዳ አጠገብ፣ ከጥላው ሥር፣
አንድ አመድማ ዓሣ ቆሞ ነበር፣
ማንም የማያነሳው።
ፊልሙ አይከፈልበት ብዬ ብልጭታውን ለቀቅሁበት።

ቀይ!
በርበሬ ቀይ፣ ሰማያዊ ጠቃጠቆ የተረጨበት፣
ዓይን ሳይከደን የሚያልቅ ቀይ፤
ከዚያ እንደገና አመድ፣
ምንም እንዳላደረገ ሰው ክንፉን እያርገበገበ።

ማታ ወደ ስልኬ ገልብጬ ለአባቴ ሰጠሁት።
«ቅርፊት አለው?» አለኝ። «አለው» አልኩት።
«ክንፍስ?» «አለው።» «ታዲያ ባዶ እጅህን መጣህ?»
«ክልክል ነው ማንሳቱ።» «ይሄን አነሳህ?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «አንተስ የታለህ?»
«የሚያነሳ ሰው አይታይም» ብለው
መነጽሩን ጠርጎ ስልኩን አስጠጋው፤
በሁለት ጣቶቹ ዓሣውን አሰፋው፣
ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ እስከ ዓይኑ ደረሰ፤
በብሌኑ መሐል ነጭ ነጥብ ፈሰሰ፣
ከነጥቡ ኋላ ጥላ፣ አንድ ነገር ያዘለ ሰው።
«ይኸው» አለኝ፣ ስልኬን ሲመልሰው፣
«እሱም አንስቶሃል።»